ባንክ በተዘጋበት የተቆጠረ ወለድ

የትግራይ ጦርነት ከቆመ ወዲህ የመቀሌ ነጋዴዎችንና ባንኮችን ሲያነታርክ የቆየው ጉዳይ ወለድ ነው። ነጋዴው «ባንኩ በተዘጋበት ጊዜ ምን ወለድ አለ?» ይላል። ባንኩ ደግሞ ያበደርኩት የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው ባይ ነው።

በጥቅምት 2013 ውጊያው ሲጀመር ተዘግተው የነበሩት ባንኮች በመሃል በከፊል ቢከፈቱም፣ ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጦር መቀሌን ለቅቆ ሲወጣ ባንክ፣ ስልክና መብራት አንድ ላይ ተቋረጡ። በደብተሩ ሚሊዮን ብር ያለው ሰው ጤፍ መግዣ አጣ። ጥሬ ብር ራሱ ሸቀጥ ሆነ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በደላላው ሰው ሂሳብ ገንዘብ ያስገባል፤ መቀሌ ያለው ደላላ ጠቀም ያለ ኮሚሽኑን ቆርጦ የቀረውን ያስረክባል። ይህ መንገድ ያልነበረው በዱቤ ኖረ። ደመወዝ የቀረበት መምህር ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፣ ባለሱቁም ከጅምላ አከፋፋዩ በዱቤ ያወጣል፣ አከራዩም ኪራዩን ይታገሳል። ከተማዋ ቻለችው የሚባለው እንዲህ ነው። መቻሉ ግን በነጻ አልነበረም፤ ሸክሙ ባለሱቁና አከራዩ ላይ ነው የወደቀው።

ባንኮች ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ በየተራ ሲከፈቱ ሂሳቡ ወጣ። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት በየወሩ ሲለካ ከ30 በመቶ በላይ ስለነበር ታግዶ የቆየው ቁጠባ የመግዛት አቅሙ ተሸርሽሮ ነው ባለቤቱ እጅ የገባው። ብድሩ ደግሞ ወለድ ደርቦ ጠበቀ። በአንድ ባንክ ቆጣቢም ተበዳሪም የነበረ ነጋዴ በሁለቱም በኩል ከሰረ። ክርክሩ ከዓመት ዓመት የሚንከባለለው፣ በእኔ ግምት፣ ይህን ኪሳራ ማን ይሸከም የሚለው ስላልተወሰነ ነው።

በዚያ ላይ አገራዊው መጨናነቅ ተጨመረ። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለማርገብ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ መቀሌ ደግሞ ገና ሱቅና ፋብሪካ ለማስነሳት ብድር ፈላጊ ነበረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤት ሠሪ ሲሚንቶውን ከመሰቦ ፋብሪካ፣ ድንጋዩን ከአካባቢው ያገኛል፤ ብረቱና የኤሌክትሪክ ዕቃው ግን ዶላር ይጠይቃል።

የብድር ገደቡ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ሆኖም አሮጌ ብድሩ ያልተዘጋለት ነጋዴ ለአዲሱ የሚያስይዘው የለውም፤ ቤቱ ለመጀመሪያው ብድር እንደተያዘ ነው።