ከድንጋይ ከሰል በኋላ፦ አፈርና ተዳፋት እንዴት ያገግማሉ?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1972 ማለዳ፣ በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ባፋሎ ክሪክ በተባለ ጠባብ ሸለቆ አናት ላይ ከድንጋይ ከሰል ማጠቢያ በወጣ ቆሻሻ የተሠራ ግድብ ተደረመሰ። ጥቁሩ ጎርፍ በሸለቆው የተደረደሩትን መንደሮች ጠራርጎ 125 ሰዎችን ገደለ፤ ከ4,000 የሚበልጡትንም ያለ መጠለያ አስቀረ። ከዚህ አደጋ ቀደም ሲል፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1966፣ በዌልስ አበርፋን መንደር በምንጭ ላይ ተከምሮ የነበረ የማዕድን ጥራጊ ተንሸራቶ ትምህርት ቤትና ቤቶችን በመቅበሩ 144 ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ።

በሁለቱም ስፍራ ጥፋቱን ያባባሰው ውሃ ነው። የተከመረ ድንጋይና አፈር በተዳፋት ላይ ጸንቶ የሚቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው በሚፈጥሩት ሰበቃ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ሲሞላ ግን የውሃው ግፊት ቅንጣቶቹን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ክብደታቸው ባይቀንስም መጫጫናቸው ይላላል፤ ሰበቃውም ይከዳል። ጠንካራ ይመስል የነበረው ክምርም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እንደ ፈሳሽ ይወርዳል። ስለዚህ ተዳፋትን ለማዳን የሚነሣ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው የተዳፋቱን ቁመት ሳይሆን ውሃው የሚወጣበትን መንገድ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 1977 በፕሬዚዳንት ካርተር ፊርማ ያጸደቀው ሕግ ማዕድን አውጪዎች የቆረጡትን ተራራ ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንዲያስጠጉት፣ የተቆረጠውን ገደል እንዲሸፍኑት፣ መሬቱንም በዕፅዋት እንዲያለብሱት ያስገድዳል። በሕጉ መሠረት በወጣው ደንብ መልሶ የተሞላ ተዳፋት አፈሩን የሚይዘው ኃይል ቁልቁል ከሚጎትተው ኃይል ቢያንስ 1.3 እጥፍ ሊሆን ይገባል። ኩባንያዎቹም ትእዛዙን በጥብቅ ፈጸሙ። ቡልዶዘሮች በመሬቱ ላይ ደጋግመው እየተመላለሱ ገጹን አስተካከሉት፣ ጠቀጠቁት፤ ወዲያውም በፍጥነት የሚያድግ ሣር ተዘራበት። ተዳፋቱ ቆመ፤ አረንጓዴም ለበሰ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ቢያይ የሚነቅፈው ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ዛፍ አልበቀለበትም። የአፓላቺያ ተራሮች በመካከለኛው የአየር ጠባይ ቀጠና ከሚገኙት በዓይነት እጅግ የበለጸጉ ደኖች መካከል የሚቆጠር ደን ነበራቸው። በቀድሞዎቹ የማዕድን ቦታዎች የተተከሉት ችግኞች ግን ብዙዎቹ ደረቁ፤ የተረፉትም ቀጨጩ። ምክንያቱ ምን ነበር?

ጤናማ አፈር ከመጠኑ ግማሽ ያህሉ ባዶ ክፍተት ነው። በዚህ ክፍተት ውሃ ይሠርጋል፣ አየር ይመላለሳል፣ ሥር ይሰደዳል። ከባድ ማሽን ይህን ክፍተት ሲጨፈልቀው መሬቱ እንደ አውድማ ይሆናል። (አንባቢ ምናልባት የእኛ ገበሬ ለጤፍ መሬቱን በከብት አስረግጦ እንደሚዘራ ያስታውስ ይሆናል። እውነት ነው፤ ደቃቋ የጤፍ ዘር ጠበቅ ያለ ገጽ ትወዳለች። ነገር ግን ጤፍ የምትኖረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ለመቶ ዓመት የሚቆም የኦክ ዛፍ የሚፈልገው ጥልቀት ሌላ ነው።) ከዚህም በላይ የተዘራው ሣር ችግኙን ብርሃንና ውሃ ይሻማዋል፤ የችግኙን ልጥ የሚግጡ አይጦችንም ይሸሽጋል። እንግዲህ መሬቱን ከመሸርሸር ለመጠበቅ የተወሰደው እርምጃ ራሱ ደኑ እንዳይመለስ ከለከለው።

ሌላው ችግር ኬሚካዊ ነው። ከድንጋይ ከሰል ጋር አብሮ የሚገኘው ፓይራይት የብረትና የድኝ ውሁድ ነው። ከመሬት በታች ተቀብሮ ሳለ ማንንም አይጎዳም። ሲቆፈርና አየርና ውሃ ሲያገኘው ግን፣ በባክቴሪያዎች እየተፋጠነ፣ ወደ ሰልፈሪክ አሲድና ወደ ዝገት ይለወጣል። በእነዚህ አካባቢዎች የሚታዩት ብርቱካናማ ጅረቶች የዚህ ውጤት ናቸው። አሲዱ በአፈሩ ውስጥ ያለውን አሉሚኒየም አሟሙቶ ሥርን ይመርዛል። መፍትሔው ፓይራይት ያለበትን ድንጋይ ለይቶ አየርና ውሃ በማይደርስበት ስፍራ መቅበር ወይም ከኖራ ድንጋይ ጋር መቀላቀል ነው። ሆኖም ኖራው ከልክ ሲያልፍም ጉዳት አለው፤ የአፓላቺያ ዛፎች በመጠኑ አሲዳማ የሆነ አፈር የለመዱ ናቸውና። በኬንታኪ የተደረጉ የመስክ ሙከራዎች እንዳሳዩት ችግኞች ከጥልቅ በወጣው ግራጫ አሸዋማ ድንጋይ ላይ ከሚያድጉት ይልቅ፣ ከገጽ አቅራቢያ በተገኘውና ዝናብና አየር ባበሰበሰው ቡናማ ድንጋይ ላይ እጅግ ፈጥነው ያድጋሉ።

እነዚህ ግኝቶች ተሰባስበው እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የፌዴራሉ መንግሥትና የአፓላቺያ ግዛቶች በጋራ የሚያስፋፉት ዘዴ ተገኘ። የዘዴው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ ቢያንስ 1.2 ሜትር ውፍረት ያለው ምርጥ አፈርና የበሰበሰ ድንጋይ ከላይ ማልበስ፣ ይህንንም ሳይጠቀጥቁ ልል አድርጎ መተው፣ ሣሩን ማሳሳት፣ ፈጥነው መሬቱን የሚያጸኑና ዘግይተው ደን የሚሆኑ ዛፎችን አቀላቅሎ መትከል። አስቸጋሪው ነገር መሐንዲሱን ማሳመን ነበር፤ ልል አፈር በተዳፋት ላይ አይንሸራተትምን? መልሱ በሁለቱ ንብርብሮች ልዩነት ላይ ያርፋል። የተራራውን ክብደት የሚሸከመው ከታች በሚገባ የተጠቀጠቀው ሙሌት ነው፤ ልል የሚሆነው የላይኛው ልብስ ብቻ ነው። ልል ገጽ ዝናቡን ስለሚያሠርገው በገጽ ላይ የሚሮጠው ውሃ ይቀንሳል፤ መሸርሸሩም እንዲሁ። የሠረገው ውሃ ታምቆ እንዳይቀር ግን ከሥር የማጣሪያ መውጫ ሊኖረው ግድ ነው።

አፈሩ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የዛፍ ሥርን የሚመግቡት ፈንገሶች የሚኖሩት በላይኛው አፈር ውስጥ ነው። አፈሩ ተገፎ በትልቅ ክምር ለዓመታት ሲቀመጥ በውስጡ አየር ስለሚጠፋ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ስለዚህ ከአንዱ ቦታ የተገፈፈው አፈር ወዲያው በሌላው ቦታ ላይ ቢለብስ ይመረጣል። ይህ ነጥብ እኛንም ይመለከተናል፤ በኢሉባቦር ያዩ አካባቢ የድንጋይ ከሰል ክምችት የሚገኘው፣ የዱር ቡና በሚበቅልበትና እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት በመዘገበው ደን አካባቢ ነውና።

ቀድሞ ለተጠቀጠቁት ሰፊ ቦታዎች የተገኘው መድኃኒት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ቡልዶዘር ከኋላው ረጅም የብረት ጥርስ ታጥቆ፣ ሌላ ቡልዶዘር ከዓመታት በፊት የደለደለውን መሬት ከአንድ ሜትር በላይ ዘልቆ ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ላይም ኦክ፣ ሜፕል፣ አንዳንዴም በመጣ በሽታ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከደኑ የጠፋው የአሜሪካ ቼስትነት ዲቃላ ችግኝ ይተከልበታል።