ሐሰት ነው ያለም ያስረዳ

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ጥቁር ጭስ ተነሥቶ ከሩቅ ይታይ ነበር። ተኩስም ተሰማ። ከአጥር ውጭ የነበረ ሰው በስልኩ ማንሳት የቻለው ጭሱን ብቻ ነው፤ ከጭሱ ሥር ምን እየሆነ እንደነበር የሚያሳይ ምስል ለሕዝብ አልደረሰም። መንግሥት ከቀናት በኋላ 23 እስረኞች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም 21ዱ በጭስ ታፍነውና በግፊያ ተረጋግጠው፣ ሁለቱ ደግሞ ለማምለጥ ሲሞክሩ መሞታቸውን ገለጸ። ቤተሰብ ግን የእርሱ ሰው ከሞቱት ይሁን ከተረፉት ሳያውቅ ከበር በር ሲንከራተት ሰንብቷል። እንዲህ ያለ ክፍተት ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቆይም። መረጃ ያጣ ሰው ያገኘውን ምስል ይቀበላል፤ የሌላ አገር ሬሳም ቢሆን፣ የዛሬ አሥር ዓመት የተነሣም ቢሆን፣ ስሜቱን እስከገለጸለት ድረስ ለወዳጁ ያስተላልፋል። ከዚያ አንዱ ይነሣና «ይህ ፎቶ እኮ የእኛ አገር አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው። ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ፎቶው ሐሰት ስለሆነ በደሉም አልነበረም ወደሚል ድምዳሜ ይኬዳል።

ስለ ቃሊቲና ቂሊንጦ ማረሚያ ቤቶች የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅነው በቃል ነው። ጠያቂ በር ላይ ስልኩን አስረክቦ ይገባል፤ ካሜራ የሚገባው መንግሥት ሲፈቅድ ብቻ ነው። እስረኞች ከተፈቱ በኋላ የጻፏቸው መጻሕፍት፣ በድብቅ የወጡ ደብዳቤዎች፣ ፍርድ ቤት ቆመው የተናገሯቸው ቃሎች አሉ። ቃሊቲ በስምንት ዞኖች መከፈሉን አገሩ ያወቀው «ዞን ዘጠኝ» ከተባሉት ወጣት ጸሐፊዎች ስም ነው እንጂ ከፎቶግራፍ አይደለም። የማረሚያ ቤት ግቢ ለጥበቃ ሲባል ካሜራ መከልከሉን እረዳለሁ፤ በየትም አገር አለ። ነገር ግን ብቸኛውን ካሜራ የያዘ ወገን፣ ከውጭ የመጣውን ምስል ሁሉ «የፈጠራ ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያልፈው አይገባም። በእጁ ያለውን ያሳይ። የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ያሳያል የተባለ ፎቶ ሲቀርብ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ግዴታ ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ «ሐሰት ነው» ማለትም ራሱ ክስ ነው። ምስሉን ያቀረበውን ሰው በውሸታምነት መክሰስ ነው። ከሳሽ ደግሞ ያስረዳል።

ምስልን እውነት ወይም ሐሰት የሚያደርገው ያነሣው ወገን ማንነት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ ቃሊቲ ውስጥ አልፏል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ማርቲን ሺቢየና ዮሐን ፔርሾን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች ከኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች ጋር ሲጓዙ ቆስለው ተያዙ። በሕገወጥ መንገድ ድንበር መግባታቸውን አልካዱም፤ ሽብርን ረድታችኋል የሚለውን ግን ካዱ። አሥራ አንድ ዓመት ተፈርዶባቸው ቃሊቲ ገቡ፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። ከአያያዛቸው ጋር የተያያዘ፣ የመንግሥት ወገን ያቀረበው የቪዲዮ ፊልም ነበር። ታዲያ በሶማሌ ክልል ቴሌቪዥን ይሠራ የነበረ አብዱላሂ ሁሴን የተባለ ሰው ከመቶ ሰዓት በላይ የሆነ ያልተቆራረጠ ቀረጻ ይዞ ወደ ስዊድን ሄደ። በዚያ ጥሬ ቀረጻ ላይ የቆሰሉት ጋዜጠኞች በካሜራ ፊት እንዴት እንዲሆኑ እንደታዘዙና ትዕይንቱ እንዴት እንደተቀነባበረ ይታያል። የተቆረጠው ፊልም አንድ ታሪክ ይናገራል፤ የተቆረጠበት ጥሬው ሌላ። ካሜራው ያው ነው፤ ሰዎቹም ያው ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አነሣው?» ሳይሆን «ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ የነበረው የታለ?» የሚለው መሆን አለበት። ጥሬውን ለማሳየት የማይፈቅድ ወገን፣ መንግሥትም ይሁን ተቃዋሚ፣ የሚጠረጠረው በትክክል ነው።

ማጣራት ደግሞ አስማት አይደለም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ቪዲዮ መጥቶ «አቃቂ ላይ የተነሣ ነው» ተባለ እንበል። አቃቂ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው የየረርን ተራራ ያያል፤ ወደ ምዕራብ ሲዞር ፉሪና ወጨጫ አሉ። ተራራ አይዋሽም፣ አይንቀሳቀስምም፤ የጫፉ ወጣ ገባ እንደ ሰው የጣት አሻራ የራሱ ብቻ ነው። በቪዲዮው ጀርባ የሚታየውን የተራራ ጫፍ ከሳተላይት መረጃ ከሚሠራው የመሬት ገጽታ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ጥላም ይናገራል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ የቆመ ሰው ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ተቃራኒው ነው። በሐምሌ ቀትር ላይ ተነሣ የተባለ ምስል ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ከታየ ወይ ወሩ ወይ ሰዓቱ ወይ ቦታው ተዋሽቷል። የመኪና ሰሌዳ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የደንብ ልብስ፣ የሚሰማው ቋንቋ፣ የሣሩ ልምላሜ፣ ሁሉም ምስክር ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ማንም በስልኩ የሚሠራው አለ፤ ምስሉን ጉግል ውስጥ አስገብቶ ቀድሞ የት እንደወጣ መፈለግ። በአሮጌ ፎቶ የሚነገር ውሸት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ይህ ዘዴ ምን ያህል እንደሚሄድ ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. የወታደር ልብስ የለበሱ ሰዎች ያልታጠቁ ወንዶችን ገደል አፋፍ ላይ ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ የቀረጸው ከራሳቸው ከታጣቂዎቹ አንዱ ነበር። የቢቢሲ አፍሪካ ዐይ ጋዜጠኞች ቤሊንግካት ከተባለው የምርመራ ቡድን ጋር ሆነው የገደሉን ቅርጽና የተራራውን ጫፍ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ቦታው ትግራይ ውስጥ በማኅበረ ዴጎ አቅራቢያ መሆኑን መጋቢት 23 ቀን 2013 ዓ.ም. አወጡ። ሲኤንኤንና አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በበኩላቸው ወደዚያው ድምዳሜ ደረሱ። የመንግሥት ባለሥልጣን ምላሽ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጣ ነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልም የሚል ነበር። ይህ ምላሽ ከፊሉ ትክክል ነው፤ ከማኅበራዊ ሚዲያ የተወሰደ ቪዲዮ ብቻውን በሰው ላይ ሊያስፈርድ አይገባም። ነገር ግን የተጠየቀው ፍርድ አልነበረም። ጥያቄው ቦታው ይህ ነው ወይ፣ በቦታው የነበረው የጦር ክፍል የትኛው ነው፣ ሟቾቹ እነማን ናቸው የሚል ነበር። ቦታው ተሳስቷል የሚል ሰው ትክክለኛውን ተራራ ማሳየት ይችላል። ማስረጃ አይሆንም ብሎ መዝጋት ግን ማጣራት አይደለም።

እንዲህ ያለ ክህደት እንደማያዋጣ ከእኛ በፊት ያየው የካሜሩን መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲወጣ የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ሐሰተኛ ዜና ነው አሉ። ጋዜጠኞች ተራራውን፣ ቤቶቹንና ጥላውን መርምረው ድርጊቱ ዜሌቬት በተባለች መንደር እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ መፈጸሙን አሳዩ። መንግሥት ወታደሮቹን አሰረ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አራቱ የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በእኛም አገር ቢሆን ሌላ መንገድ እንዳለ ታይቷል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በመተከል ዞን ሰው በእሳት ሲቃጠል የሚያሳየው አሰቃቂ ቪዲዮ ሲወጣ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ድርጊቱ መፈጸሙን አምኖ አወገዘ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ቦታውን፣ ቀኑንና የጸጥታ ኃይሎችን ተሳትፎ አጣርቶ አወጣ። ያኔ ቪዲዮው የጭቅጭቅ መነሻ ሳይሆን የምርመራ መነሻ ሆነ።

«ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ ሰው ማስረጃ አምጣ ማለት ጭካኔ ነው» የሚሉ አሉ። ይህን ተቃውሞ አቅልዬ አላየውም። ልጇ የሞተባት እናት የፎቶግራፍ ባለሙያ እንድትሆን መጠየቅ በእርግጥ ጭካኔ ነው። ግን ጥያቄው ለእርሷ አይደለም፤ በእርሷ ስም ምስል ለሚያሰራጨው ነው። የሐሰት ምስል ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ተበዳዩን ነውና። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 ዴይሊ ሚረር የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የአገሩ ወታደሮች አንድ ኢራቃዊ እስረኛን ሲያሰቃዩ የሚያሳዩ ፎቶዎች አወጣ። በፎቶው ላይ የሚታየው የጭነት መኪና ኢራቅ ያልሄደ ዓይነት መሆኑ ታወቀ፤ ፎቶዎቹ ሐሰተኛ ነበሩና አዘጋጁ ፒርስ ሞርጋን ተባረረ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ግን ባሃ ሙሳ የተባለ ኢራቃዊ በዚያው በፎቶዎቹ በተወነጀለው የጦር ክፍል እጅ ሞቶ ነበር፤ ኋላ የተቋቋመው አጣሪ ሰውነቱ ላይ 93 ጉዳቶች ቆጥሯል። እውነተኛው በደል በፎቶ አልወጣም ነበር፤ የወጣው ፎቶ እውነተኛ አልነበረም። ሁለቱን ያምታታ ሰው የባሃ ሙሳን ሞት ሊያስክድ ይችል ነበር። «ነገሩ እውነት ስለሆነ ፎቶው ምንም ቢሆን ችግር የለውም» ለሚል የእኛ አገር ተቆርቋሪ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው።

በሌላ በኩል ክህደት ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ከኢትዮጵያውያን በላይ የሚያውቅ የለም። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ሰው መፍጀቷን በግንባር የነበሩ የቀይ መስቀል ሐኪሞች አይተዋል፣ ቆዳው የተላጠ ሰው አክመዋል። የሮም መንግሥት በይፋ ያመነው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 በመከላከያ ሚኒስትሩ በዶሜኒኮ ኮርቾኔ በኩል ነው፤ ስልሳ ዓመት አለፈው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኢንድሮ ሞንታኔሊን የመሰለ ስመ ጥር ጋዜጠኛ «እኔ ነበርኩ፣ አላየሁም» ሲል ተቀባይ ነበረው። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ፎቶዎች ግን ለመካድ አስቸገሩ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹን ያነሡት ገዳዮቹ ራሳቸው ናቸው። ከሬሳና ከሚነድ ጎጆ ፊት ቆመው ለማስታወሻ ተነሡ። ከነፃነት በኋላ እነዚህ ምስሎች ተሰብስበው ታተሙ፤ የፍርድ ሚኒስቴርም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ሰነድ አቀረበ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ፎቶው የቆመው ብቻውን አይደለም። ከጎኑ በመሐላ የተሰጠ የምስክር ቃል ነበረ፣ ከጎኑ የጣሊያኖቹ የራሳቸው ቴሌግራም ነበረ።

እውነተኛ ምስልም ቢሆን በአቀማመጡ ሊዋሽ ወይም ሊያጋንን ይችላል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት ባለው ምሽት፣ በደርግ ትዕዛዝ በቴሌቪዥን ሲታይ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች በረሃብተኞቹ መሐል እየገቡ ተቀናብሮ ነበር። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ያገናኘው ግን መቀስ ነው። ተመልካቹም በዚያ መቀስ ፈረደ።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልነበረን ሰው፣ ያልነበረን ሬሳ ይሠራል፤ ታዲያ ማጣራት ምን ዋጋ አለው ይባላል። እኔ የሚያሰጋኝ ከሚሠራው ሐሰት ይልቅ ለእውነተኛ በዳይ የሚከፈተው በር ነው፤ ከእንግዲህ ማንም በቪዲዮ የተያዘ «ማሽን ነው የሠራው» ይላል። መድኃኒቱ ምስሉ ከየት እንደመጣ መያዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያወጣው የዲጂታል ምርመራ መመሪያ ይህንኑ ያዝዛል፤ ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንዳነሣ፣ ከዚያ በኋላ በማን እጅ እንዳለፈ ይመዝገብ። ፎቶ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ በተለመደው መንገድ ሲላክ ይታመቃል፤ ውስጡ የነበረው የቀንና የቦታ መረጃም ይጠፋል። በቴሌግራም እንደ ፋይል ከተላከ ይተርፋል። ዋናውን ማስቀመጥ፣ አለመቁረጥ፣ ጽሑፍ አለመለጠፍ በቂ ነው።

ዋናውን ፋይል የያዘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ፈርቶ ይደብቀዋል ወይም ይሰርዘዋል። ሐሰተኛ መረጃን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለና ቪዲዮ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ራስን ማስያዝ ይመስለዋል። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም አለ፤ እርሱ ግን እንደ መጀመሪያው አይታወቅም። ዐቃቤ ሕግና የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የዚህን አዋጅ ጥበቃ ዋናውን ምስል ይዞ ለሚመጣ ሰው በግልጽ ቢያውጁለት፣ ስሙ ሳይነሣ ፋይሉን የሚያስረክብበት ክፍል ቢከፍቱለት፣ ዛሬ በየስልኩ ተደብቆ ያለው ምስል ወደ መርማሪ እጅ ይመጣል፤ ሐሰቱም እዚያው ይለያል።