ከታይሉ በፊት ወለሉ፤ የመኪና ማደሪያን ወለል በፖርሴሊን ስለ ማልበስ

በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የሚሠራ የመኪና ማደሪያ ወለል አብዛኛውን ጊዜ በሊሾ ብቻ ይታለፋል። ሊሾውም በጎማ ፍትጊያና በዘይት ጠብታ እየተፈረፈረ አቧራው ወደ መኖሪያ ክፍሎች ይገባል። ስለዚህም አያሌ ባለቤቶች ወለሉን በፖርሴሊን ታይል ማልበስን ይመርጣሉ። ምርጫው መልካም ነው፤ ሆኖም ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ወለል በጥቂት ወራት ውስጥ ሲሰነጠቅና ሲላቀቅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ጉድለቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ከታይሉ ሳይሆን ከታይሉ በታች ካለው ሥራ ነው።

የፖርሴሊን ባሕርይ

ፖርሴሊን በ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚተኮስ ሲሆን፣ የሚመጠው ውኃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። በዚህም ምክንያት ዘይትና ውኃ አይሰርጉበትም። በአንጻሩ ተራ የሲሚንቶ ቦያካ በሚገባ አይዘውም፤ ቦያካ አጥብቆ የሚይዘው የታይሉ ጀርባ ሲመጠው ነውና።

የጭነቱም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ ጎማ በአማካይ 375 ኪሎ ግራም ያሳርፋል፤ በክሪክ ሲነሣ ደግሞ ጫናው በጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል። ከታይሉ ሥር ባዶ ቦታ ካለ ታይሉ እንደ ድልድይ ሆኖ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል። ፖርሴሊን ግን መጫንን እንጂ መታጠፍን ስለማይችል ይሰበራል።

ወለሉን መመርመር

በቅድሚያ ስንጥቆቹን ማየት ይገባል። የስንጥቁ አንደኛው ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ከተገኘ መሬቱ በመንቀሳቀስ ላይ ነው ማለት ነው። በአዲስ አበባ የቦሌ አካባቢን በመሰለ ጥቁር አፈር ባለበት ሠፈር፣ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል። እንዲህ ያለውን ጉዳት ታይል ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያድነውም፤ አስቀድሞ መሠረቱ መጠገን አለበት።

ቀጥሎ ወለሉን በመዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ነው። የባዶ ነገር ድምፅ የሚሰጥ ሊሾ ከኮንክሪቱ ስለ ተላቀቀ ይፈነቀላል። የውኃ ጠብታ ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ከቆመ በወለሉ ላይ ዘይት ወይም ሌላ ቅባት አለ። 45 ሴንቲ ሜትር በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ጠርዙ በፕላስተር ታሽጎ አድሮ በማግስቱ ከሥሩ ካረጠበ፣ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ስለሆነ ምንጩ መፈለግ አለበት። አዲስ ኮንክሪትም ከሆነ 28 ቀን ሊቆይ ይገባል።

ማዘጋጀት

ዘይት የጠጣ ወለል በውኃ መታጠብ ብቻ አይበቃውም፤ የላይኛው ገጽ በግራይንደር ይፋቃል። ለስላሳ ሊሾም ማጣበቂያው እንዲይዘው ይሻከራል። በዚህ ጊዜ የሚነሣው አቧራ ሳንባን ስለሚጎዳ ሠራተኛው የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ማድረግ አለበት። ከዚያም ጎድጓዳው ተሞልቶ፣ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ሲጋደምበት ከሥሩ ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይደረጋል። ውኃ ወደ ውጭ እንዲፈስም በየሜትሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ በሩ ማዘንበል ይኖርበታል። ይህ ተዳፋት የሚወጣው በወለሉ ነው፤ በማጣበቂያ ውፍረት ሊስተካከል አይገባም።

መለጠፍ

ታይሉ ወለሉ ሲረጥብ እንዳያንሸራትት ያልተወለወለ፣ ሸካራ ገጽ ያለው ይሁን። ማጣበቂያውም ለፖርሴሊን ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። በጥርሳም መዳመጫ በአንድ አቅጣጫ ይሰመራል፤ በታይሉም ጀርባ ስስ ሆኖ ይቀባል። በአራቱ ማዕዘንና በመካከል ብቻ ጉብ ጉብ አድርጎ መለጠፍ ለመኪና ወለል ፈጽሞ አይሆንም። በየመካከሉ አንዱን ታይል አንሥቶ ጀርባውን ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ከ95 በመቶ የሚያንሰው ጀርባ ከተነካ ሥራው መታረም አለበት።

በታይሎች መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር፣ በግድግዳና በዓምድ ዙሪያ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። የዙሪያው ክፍተት የሚሞላው በሲሚንቶ ሳይሆን እንደ ሲሊኮን ባለ ተለጣጭ ነገር ነው። ኮንክሪቱ ሲፈስ የተተወ መገጣጠሚያ ካለም በታይሉ ላይ ይቀጥላል እንጂ አይሸፈንም። መኪናው ወደ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ በማጣበቂያው ከረጢት ላይ በተጻፈው መሠረት ይወሰናል፤ አንድ ሳምንት መታገሥ ግን ለጥንቃቄ ይጠቅማል።

በመጨረሻም ባለቤቱ ከግንበኛው ጋር ሲዋዋል የዝግጅቱን ሥራ ከልጠፋው ለይቶ ዋጋ ቢያወጣለት መልካም ነው። ክፍያው በካሬ ሜትር ልጠፋ ብቻ ሲታሰብ፣ የሚፋቀውና የሚጠገነው ወለል ማንም የማይከፍልበት ሥራ ሆኖ ይታለፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ታይል ከመለጠፉ በፊት ባለቤቱና ግንበኛው ወለሉን አብረው በዘንግና በውኃ ልክ ይመልከቱት፤ ጉድለቱን በቀላሉ ማረም የሚቻለው በዚያን ጊዜ ነው።