ያውቁ ኖሯል? አልጋ ያልወረሱት ልዑል ጎንግ

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የተለየውን ጠቅሰናል።)

• ልዑል ጎንግ በ1833 የቻይና ገዢ ከነበረው ከማንቹ ንጉሣዊ ቤተሰብ ተወለዱ። መጠሪያቸው ዪሺን ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥት ዳዎጓንግ ስድስተኛ ወንድ ልጅ ናቸው።

• አባትየው በ1850 ሲሞቱ አልጋው ለአራተኛው ልጅ ለሺያንፌንግ ተላለፈ። ሺያንፌንግን እናቱ ከሞቱበት በኋላ ያሳደጉት ደግሞ የዪሺን እናት ነበሩ!

• በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ ደጃፍ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ ሸሹ። ከጠላት ጋር ተደራድረው ውሉን የፈረሙት የ27 ዓመቱ ወንድማቸው ናቸው።

• በዚያ ዘመቻ ከእንግሊዝ ክፍለ ጦሮች አንዱን የመሩት ሮበርት ናፒየር ነበሩ። አዎን፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር መቅደላ ላይ የዘመቱት ያው ናፒየር!

• በ1861 ልዑሉ የቻይናን የመጀመሪያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዞንግሊ ያመንን አቋቋሙ፤ በ1862 ደግሞ የውጭ ቋንቋ ትምህርት ቤት ተከተለ። ከፈረንጅ ጋር መዋላቸውን ያልወደዱ ሰዎች «ስድስተኛው የባሕር ማዶ ሰይጣን» ብለው ሰደቧቸው።

• ከሁሉ የሚያስደንቀው የ1864ቱ ነው። ፕሩሲያና ዴንማርክ አውሮፓ ውስጥ ይዋጉ ነበርና፣ አንድ የፕሩሲያ የጦር መርከብ በቻይናው ዳጉ አጠገብ ሦስት የዴንማርክ የንግድ መርከቦችን ማረከ። በዚያው ሰሞን አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ዊሊያም ማርቲን የሄንሪ ዊተንን የዓለም አቀፍ ሕግ መጽሐፍ ወደ ቻይንኛ ተርጉመው ነበር። ልዑሉ አንድ ጥይት ሳያስተኩሱ፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው በጻፉት ሕግ ተሟገቱ፦ ውኃው የቻይና ነው፣ እዚህ መማረክ አይቻልም። ፕሩሲያ መርከቦቹን ለቀቀች፤ ካሣም ከፈለች። ልዑሉም የመጽሐፉን 300 ቅጂ ለየክፍለ አገሩ አደሉ። ጦሩ ለተሸነፈ አገር ይህ ትልቅ ድል ነው።

• ወደ ቤተ መንግሥቱ እንመለስ፤ በ1861 ሺያንፌንግ ሞተው ልጃቸው ሲተካ፣ ልዑሉ የልጁ ንጉሥ ሞግዚት የነበሩትን ስምንት ባለሥልጣናት ከልጁ እናት ከእቴጌ ሲሺ ጋር ሆነው ገለበጡ። እቴጌይቱ ግን በ1865 ማዕረጋቸውን ገፈፉ፤ ጥቂት ቆይተው ቢመልሱላቸውም በ1884 ከሥልጣን አባረሯቸው። ጃፓን በ1894 ቻይናን ስትወጋ እንደገና ተጠሩ።

• በግንቦት 1898 አረፉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ጓንግሹ የመቶ ቀኑን ተሐድሶ አወጁ።

• ቤጂንግ የሚገኘው መኖሪያቸው ዛሬ ሙዚየም ነው። ወደዚያ ከተማ ከዘለቁ ሳያዩት አይመለሱ።