ተፈናቃይ ወደ ቀዬው ሲመለስ የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ኪራሙ ብዙ ወገኖቻችን በግፍ ተገደሉ። በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ አማራውም ኦሮሞውም ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ከፊሉ እስከ ደብረ ብርሃን መጠለያዎች ደረሰ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከመጠለያ ወደ ወለጋ የተመለሱ አሉ። መመለስ ግን ከመኪና በመውረድ ብቻ አይፈጸምም።

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት ተፈናቃዩ መመለስን፣ ባለበት መኖርን ወይም በሌላ ስፍራ መስፈርን በፈቃዱና አውቆ እንዲመርጥ ያዛል። ስለዚህ ካህን «ወደ ሀገራችሁ ግቡ» ብሎ ከመምከሩ አስቀድሞ የቦታውን ጸጥታ ያጣራ፤ ልጆቹን አስከትሎ የሚሄደው ምእመኑ ነውና።

ሁለተኛው የወቅት ነገር ነው። በወለጋ በቆሎ በግንቦትና በሰኔ ይዘራል። በሬና ዘር ሳይኖረው በሐምሌ ለደረሰ ገበሬ ጊዜው አልፏል፤ እስከ ቀጣዩ ዓመት አዝመራ የሰው እጅ ሲያይ ይከርማል። የአንድ ወር ስንዴ ሰጥቶ መለየት ለዳግም ስደት ማዘጋጀት ነው።

ስለሆነም ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገር እንዲፈጽሙ እናሳስባለን። ተመላሾችን በየቤተሰቡ ይመዝግቡ፤ ለቤት ሥራና ለእርሻ ደቦ ያስተባብሩ፤ መሬቱን ሌላ ሰው ይዞት ከተገኘ በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት ያነጋግሩ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ ለወረዳው ይድረስ።

እንግዳ መቀበል ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ነው። እንግዳን እንድንቀበል የታዘዝን እኛ፣ ወደ ገዛ ቤቱ የተመለሰውን ባለቤት እንዴት አንቀበልም?