በጆሮ የሚገባበት ቤት

ማታ ቅኔ ቤት ኩራዝ የሚፈልግ የለም። የኔታ መደባቸው ላይ ሆነው ሲዘርፉ ተማሪው ደበሎውን ተከናንቦ ይሰማል፤ የሰማውን በቃሉ ይዞ ወደ ጎጆው ይገባል። የሚገለጥ መጽሐፍ የለም፣ የሚጻፍበት ሰሌዳም የለም። ከመካከላቸው ዐይኑ የማያይ ልጅ ቢኖር በዚያች ሰዓት ከጎኑ ከተቀመጠው የሚያንስበት ነገር አይገኝም። ሁሉም ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ ሁሉም የሚሠሩት በጆሯቸው ነው።

በዘመኑ የኪነ ጥበብ ቋንቋ «ሬዚደንሲ» የሚባል ነገር አለ። ከያኒው ከቤቱ ወጥቶ፣ ማደሪያና ጊዜ አግኝቶ፣ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር እየኖረ የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። አሁን አሁን ደግሞ አካል ጉዳተኛውን፣ ሕፃን ይሁን ዐዋቂ፣ ከሌላው ጋር አንድ ላይ የሚያኖሩ ሬዚደንሲዎች በየአገሩ ይከፈታሉ። ስለ እነርሱ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ ቤት አካል ጉዳተኛን ለማገዝ ብሎ የተመሠረተ አይደለም። ግን ዐይነ ስውሩን ተማሪ አስገብቶ፣ አኑሮ፣ አስመርቆ፣ ወንበር ላይ አስቀምጦታል። እንዴት ቻለ?

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የትምህርት አገር ናቸው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም በደቡብ ጎንደር ይገኛል። ወደ ምሥራቅ የተሻገረ ደግሞ ዋድላን ያገኛል፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት ነው። እንግዲህ ከስማዳዋ ወገዳ ወይም ከጋይንቷ ነፋስ መውጫ አኩፋዳውን ይዞ ለወጣ ልጅ ዜማውም ቅኔውም በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ።

ዐይኑ ለማያይ ልጅ ግን ሁለቱ መንገዶች እኩል አይደሉም። ድጓ ከመጽሐፍ ጋር የተሳሰረ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት ከሠሩለት ወዲህ ድጓ ተማሪ ከፊደሉ በላይ የተቀመጠውን ምልክት እያየ ይማራል፤ በድሮው ልማድ የገዛ ድጓውንም ራሱ ይጽፍ ነበር። ዜማውን በጆሮ መያዝ የሚችል ዐይነ ስውር ሞልቷል፤ መጽሐፉ ጋ ሲደርስ ግን መንገዱ ይጠብበታል። ቅኔ እንዲህ ያለ አጥር የለውም። ተማሪው የሚያቀርበው የራሱን ድርሰት ነው፤ አንድ ጊዜ የቀረበ ቅኔ ደግሞ አይደገምም። የሰው ቅኔ መድገም ነውር በሆነበት ቤት አንብቦ የሚያጠናው ነገር ቀድሞውንም ትንሽ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው በሁለት ቤት ከሚያልቀው ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቀን ላይ ተማሪው ወደ ጫካ ወጥቶ ለየብቻው ቅኔ ይቆጥራል። ዐይናማውም ቢሆን ሐሳቡ እንዳይበተንበት ተሸፋፍኖ ነው የሚቆጥረው። ሰሙን ከወርቁ ለማስማማት የማያይ ሰው መሆንን ለጥቂት ሰዓት ይመርጣል ማለት ነው። ሲመለስ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸው ሰምተው ያርሙታል። ከመነሻው እስከ መድረሻው አፍና ጆሮ ናቸው።

ኑሮው ግን ከትምህርቱ ይከብዳል። ጎጆውን የሚሠራው ተማሪው ራሱ ነው። ምግቡ «በእንተ ስማ ለማርያም» ተብሎ በየደጁ የሚለመን ቁራሽ ነው፤ በየደጁ ደግሞ ውሻ አለ። ዐይነ ስውሩ ብቻውን ገደሉን ወጥቶ፣ ውሻውን ተከላክሎ፣ ቁራሽ ይዞ መመለስ አይችልም። ስለዚህ መሪ ይኖረዋል፤ የበትሩን ጫፍ ይዞ ፊት ፊት የሚሄድ ልጅ። ትምህርቱ የገፋ ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያስቀጽላልና፣ ዐይነ ስውሩ በሙያው ከፍ ሲል የበትሩን ጫፍ የያዘው ልጅ ግስና አገባቡን ከእርሱ ያገኛል። መንገድ ላይ ልጁ ይመራል፤ ጎጆ ሲደርሱ ዐይነ ስውሩ ይመራል። እኔ በዚህ ቤት ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ማን ለማን እንደሚራራ የሚለይበት ጊዜ የለም።

ነገሩን ማሳመር ግን አልፈልግም። ገበሬ ዐይኑ የጠፋ ልጁን ለየኔታ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሞፈር ስለማይጨብጥለት ነው። በ1968 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ እስኪጠፋ ድረስ ፈንጣጣ የስንቱን ልጅ ብርሃን ወስዷል። ትራኮማ ደግሞ ዛሬም የአማራ ክልል ጠላት ነው። ቅኔ ቤት ለብዙዎቹ የተመረጠ ሳይሆን የተረፈ መንገድ ነበር። ሆኖም በዚያ የተረፈ መንገድ የሄዱት የት እንደ ደረሱ እናውቃለን። አለቃ አያሌው ታምሩ በልጅነታቸው ዐይናቸውን አጥተው፣ ከጎጃም ቅኔ ቤት ተነሥተው፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ ለመሆን በቁ። በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉ ሰው የሚጠቅሳቸው እንደ ሊቅ ነበር፤ ዐይነ ስውርነታቸው ከስማቸው ኋላ ይመጣል።

የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቃል። ዐይናቸውን ያጡት ልጅ ሳሉ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ጽላሎ በተባለው ስፍራ ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባታቸው ሲያልፉ ወንበሩን ይዘው ወንዱን ተማሪ አስተማሩ። በወንዶች ቤት ሴት፣ በዚያ ላይ ዐይነ ስውር! ሰው ሲያደንቃቸው ሁለተኛውን ያነሣል፤ እኔ ግን ከባዱ አንደኛው ይመስለኛል። ዐይነ ስውርነቱን ቅኔው ራሱ አያስቸግረውም፤ ሴትነቱን ግን ጫካው፣ የወንዶች ጎጆና የልመናው መንገድ ይከለክሉታል። ገላነሽ ይህን ሁሉ ያለፉት የመምህሩ ልጅ ስለሆኑ፣ ቅኔ ቤቱ ቤታቸው ስለሆነ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆኑስ ኖሮ?

ሌላም የተዘጋ በር አለ። በጆሮ የሚገባበት ቤት መስማት ለተሳነው አይከፈትም። ለዐይነ ስውሩ የተመቸው ያው ጠባዩ ለእርሱ ግድግዳ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጀመረ ሥራ አዲስ አበባ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን ለመድረክ አበቃ፤ ከዚያ የአዱኛ የዳንስ ቡድን ተወለደ። በኋላም አካል ጉዳተኞችን ያቀፈው «አዱኛ ፖቴንሻልስ» ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ተመሠረተ። ቤንጃሚን እ.ኤ.አ. በ1991 ከሴለስት ዳንደከር ጋር «ካንዶኮ» የተባለውን የዳንስ ቡድን እንግሊዝ ውስጥ ያቋቋመ ሰው ነው። የዚህ ዓይነቱ ዳንስ አሠራር እግሩ የማይታዘዘውን ሰው ደህና እግር ያለውን እንዲመስል አይጠይቀውም፤ ሁለቱ እየተደጋገፉ፣ እየተጠባበቁ፣ ከየራሳቸው ሰውነት የሚወጣውን እንቅስቃሴ ይፈልጋሉ። እዚህ ደግሞ ሥራው ሁሉ በሰውነት ነው፤ ጆሮ ዋና አይደለም።

ወደ ወገዳ ልመለስ። እዚያ አንድ ቀን አካል ጉዳተኛውን ከሌላው ጋር የሚያኖር ሬዚደንሲ የሚከፍት ሰው ቢነሣ፣ ለዐይነ ስውሩ ብዙ መጨነቅ አይኖርበትም፤ አገሩ መላውን ያውቃል። የሚያስቸግረው መስማት የተሳነው ልጅ ነው። የእሱንም መላ ቢሆን ሩቅ መፈለግ የሚያሻ አይመስለኝም። አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ደንገል ሲወዛወዝ አይተው አመጡት የሚባለውና በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ ዝማሜ በዐይን የሚያዝ ነገር አለው። መቋሚያው ይዘማል፣ ትከሻው ይከተላል፣ ከበሮው ሲመታ መሬቱ በእግር ውስጥ ይሰማል። ያንን የሚያስተምሩት መምህራን ያሉት እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር ነው።