መብራት ሲጠፋ ሥራው የት ያድራል?

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ፓይተን የሚለው የኮድ ቋንቋ ስም ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቷል። ሁሩታ ያለ ተማሪም አዳማ ያለ ሠራተኛም ትምህርቱን በስልኩ መከታተል ይችላል። ነገሩ ኮድ መጻፍ ላይ ሲደርስ ግን ስልክ አይበቃም፤ ጠንካራ ላፕቶፕ መግዛት ደግሞ የብዙው ቤተሰብ አቅም አይደለም። የክላውድ ኖትቡክ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ፣ ማብራሪያውና ግራፉ በአንድ ገጽ ይቀመጣሉ፤ ስሌቱን የሚሠራው ሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር ነው፤ ከተጠቃሚው የሚጠበቀው ብሮውዘር ብቻ ነው።

የእነዚህ ኖትቡኮች ምንጭ ጁፒተር ነው። ፈርናንዶ ፔሬዝ እ.ኤ.አ. በ2001 አይፓይተን ብሎ የጀመረው ሥራ አድጎ በ2014 ጁፒተር የሚለውን ስም ያዘ። ጎግል ኮላብም የተሠራው በዚሁ ላይ ነው። ማሳካኔ የሚባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2019 የትርጉም ሞዴሎችን ማሠልጠን ሲጀምር መነሻው የኮላብ ኖትቡክ ነበር። ነፃው ኮላብ ግን ማሽኑን የሚያውሰው ቢበዛ ለ12 ሰዓት ነው፤ ጎግል ድራይቭ ላይ ያልተቀመጠ ፋይል ከማሽኑ ጋር ይጠፋል።

ስለ ኖትቡኩ ብዙ ተብሏል። እኔ ላስተዋውቅ የምፈልገው ከጀርባው ሆኖ የተጠቃሚዎችን የሥራ ቦታ የሚያስተዳድረውን ክፍል ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር የተማሪው ድካም መትረፍ አለመትረፉን የሚወስነው እሱ ነው።

ጁፒተርሀብ በአንድ ግቢ ብዙ ክፍል እንደሚያከራይ ሰው ነው። ተማሪው ሲገባ ማንነቱን አረጋግጦ የራሱን ሰርቨር ያስነሳለታል፣ የራሱን ፎልደር ይሰጠዋል። ትንሹ ጁፒተርሀብ የተባለው ዓይነት ኡቡንቱ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ይበቃዋል፤ የታሰበውም ከ100 ለማይበልጡ ተጠቃሚዎች ነው። ለ25 ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው 500 ሜጋባይት ራም ቢመደብ በጠቅላላው 12.5 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። 16 ጊጋባይት ያለው ማሽን አንድ የትምህርት ቤት ላብ ይችላል ማለት ነው።

አሁን አንዲት የሁሩታ ተማሪ በስንዴ ዋግ ዳታ ላይ እየሠራች ነው እንበል። ሁሩታ የአርሲ ከተማ ናት፤ የስንዴ ምርምር የሚካሄድበት ቁሉምሳም እዚያው አርሲ ስለሆነ ለአካባቢው ልጅ ቅርብ ጉዳይ ነው። ኖትቡኩን በግራ፣ ሠንጠረዡን በቀኝ፣ ግራፉን ከታች ከፍታ ሳለ መብራት ጠፋ። የትኛው ፋይል የት ተከፍቶ እንደነበር የሚመዘግበው፣ ኖትቡኮቹ በሚከፈቱበት ገጽ በጁፒተርላብ፣ ዎርክስፔስ የሚባለው ነው። ምዝገባው ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ በሌላ ኮምፒውተር ብትገባም ገጿን እንደተወችው ታገኘዋለች። በአዳዲሶቹ ዕትሞች ለዎርክስፔሱ ስም መስጠት፣ ማባዛትና አውጥቶ ለሌላ ሰው መላክ ይቻላል። ያንኑ ዎርክስፔስ በሁለተኛ ታብ ከከፈተችው ሁለቱ እንዳይጋጩ ጁፒተርላብ ራሱ ሌላ አዲስ ይፈጥርላታል።

ዎርክስፔስ የሚይዘው ግን አቀማመጡን ብቻ ነው። የጻፈችውን ኮድ ኖትቡኩ በየ2 ደቂቃው በራሱ ሴቭ ያደርገዋል። ያሰላችው ነገር ያለው ራም ውስጥ ሲሆን፣ ሰርቨሩ እስካልተዘጋ ድረስ የእሷ ላፕቶፕ ቢጠፋም እዚያው ይቆያል። አደጋው ያለው ሥራ የፈቱ ሰርቨሮችን እየዞረ የሚዘጋው አገልግሎት ላይ ነው። በትንሹ ጁፒተርሀብ ካልቀየሩት በቀር 10 ደቂቃ ብቻ ይታገሣል፤ ብዙ ማሽኖችን አንድ ላይ በሚያስተዳድረው ኩበርኔትስ ላይ በሚተከለው ትልቁ ደግሞ 1 ሰዓት።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ከዚህ በኋላ ነው። መብራት ሲመጣ ገጹ ከነግራፉ ይከፈታል፣ ምንም የጎደለ አይመስልም። ቀጣዩን ሴል ስታስኬድ ግን ትናንት የሰየመችውን ሠንጠረዥ «አላውቀውም» የሚል ቀይ የስህተት መልእክት ይመጣል። ሰርቨሩ ሲዘጋ ራሙ ባዶ ሆኗል፤ ግራፉ የሚታየው ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ምስል ስለሆነ ነው። መፍትሔው ሴሎቹን ከላይ ጀምሮ እንደገና ማስኬድ ነው። ረጅም ሰዓት የፈጀ ስሌት ከሆነ ደግሞ ውጤቱን ገና እንዳለቀ በሲኤስቪ ፋይል ማስቀመጥ ይሻላል።

በእኛ አገር ሀብ የሚተክል ባለሙያ ይህን የ10 ደቂቃ ልክ እንዳለ መተው የለበትም ባይ ነኝ። መብራት በ10 ደቂቃ የሚመለስበት ቀን ጥቂት ነው። ጊዜውን ማራዘም ራም እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድ ከሰዓት ሙሉ የደከመ ልጅ ሥራውን ከዜሮ ከሚጀምር ትንሽ ራም ቢጨመር እመርጣለሁ። ሰርቨሩ እዚያው ላብ ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ዩፒኤስ የግድ ነው።

መምህራን ኤንቢጊትፑለር የተባለውንም ኤክስቴንሽን ቢያውቁት ጥሩ ነው። መምህሩ አንድ ሊንክ ይልካል፤ ተማሪው ሲጫነው የቤት ሥራው ፎልደሩ ውስጥ ይገባል። መምህሩ በኋላ ጥያቄ አስተካክሎ ያንኑ ሊንክ እንደገና ቢልከው አዲሱ ይጨመራል፣ ተማሪው የጻፈውም አይደመሰስም።